ሌላ የሚበሳ የለም?

አባዬ እንጨት መሥራት ካቆመ ስድስት ዓመት ሆነው። እጁ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ የጀመረው ሰሞን አንድ ቀን ማታ ማሽኑን ጠረገ፣ ገመዱን ጠቀለለ፣ በሸራ ሸፈነው። ማንም አልነገረውም። «በሚንቀጠቀጥ እጅ መጋዝ ፊት አይቆምም» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ማሽኑ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ባለፈው ወር ማሽኑን ወደ እኔ ቤት አመጣሁት። ሸራውን ስገልጠው መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ያረጀ ግራሶ፣ ሰጋቱራ፣ የጋለ ቺንጋ። ለትንሽ ጊዜ የት እንደቆምኩ ጠፋኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጫማዬ ውስጥ ሰጋቱራ ገብቷል፤ አባዬ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ «ሚጣ፣ ቁልፏን አቀብይኝ» ይለኛል።

ማሽኑ ሾፕስሚዝ ይባላል። ሞዴሉ ማርክ ፋይቭ ነው፤ ከድሮዎቹ፣ አረንጓዴ ከተቀቡት። አንድ ሞተርና አንድ ዘንግ አለው፤ የሚሠራው ሥራ ግን አምስት ነው። ክብ መጋዝ ነው። ቶርኖ ነው፤ እንጨቱን እያዞረ በስለት ክብ ቅርጽ የሚያወጣ። የብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈበት ትልቅ ሳህን ሲታሰርለት ማለስለሻ ነው። በአግድም ይበሳል። ቀና ሲል ደግሞ ቁም ትራፓኖ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚበሳ።

እንዴት መሰላችሁ? ሁለት ወፋፍራም የብረት ቱቦዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሞተሩን የያዘው ራስ በእነሱ ላይ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል። ጠረጴዛውም እንደዚያው። ከራሱ የሚወጣው ዘንግ ላይ ምን እንዳሰራችሁበት ነው ማሽኑ ምን እንደሆነ የሚወስነው። ላማ፣ ማለትም ክቡን የመጋዝ ስለት፣ ካሰራችሁበት መጋዝ ነው። ማንድሪኖ፣ ማለትም የመብሻውን ጫፍ ነክሶ የሚይዘውን፣ ካሰራችሁበት መብሻ ነው። የሚያስፈልጋችሁ አንዲት የታጠፈች ብሩጎላ ቁልፍ ብቻ ነች። አባዬ እሷን በክር አስሮ ከማሽኑ እግር ላይ ያንጠለጥላት ነበር። ያችን ክር ስንት ጊዜ እንደቀየርናት እግዜር ይወቅ። ቁልፏ ግን ያችው ነች፤ አሁንም አለች።

ቁም ትራፓኖ ሲፈለግ ነገሩ ይለያል። መቆለፊያው ይፈታል፤ ከዚያ ሁለቱ ቱቦዎች ከነሞተሩ፣ ከነጠረጴዛው በአንድ ጫፍ ተነሥተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ያ ሁሉ ብረት ተኝቶ የነበረ ሰው እንደሚነሣ ነበር የሚነሣው። ልጅ እያለሁ በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የኔ ድርሻ ከታች ሆኜ መቆለፊያውን ማጥበቅ ነው። አባዬ ክብደቱን በትከሻው ይዞ ይጠብቀኛል። «ጠበቀ?» ይላል። «ጠበቀ» እላለሁ። ራሱ በእጁ ነካ ሳያደርግ ግን ትከሻውን አያነሣም ነበር።

ማስነሣትና ማስተኛት ጊዜ ይወስዳል። ጠረጴዛው መስተካከል አለበት፣ ላማው መፈታት አለበት፣ ማንድሪኖው መግባት አለበት። ስለዚህ አባዬ ማሽኑን ከማስተኛቱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። «ሌላ የሚበሳ የለም?» ዞር ዞር ብዬ አያለሁ። ወለሉን፣ መደርደሪያውን፣ የክምሩን ሥር። «የለም» ስል ብቻ ነው የሚያስተኛው።

አንድ ማሽን ብቻ ያለው ሰው ሥራውን በጭንቅላቱ አስቀድሞ መጨረስ አለበት። መጋዙ ከተነሣ በኋላ አንድ እንጨት ሁለት ሚሊ ረዝሞ ከተገኘ ሁሉም ነገር እንደገና ሊፈታ ነው። በዚያ ላይ ጠረጴዛው አንዴ ከተነካ የመጀመሪያውን ልክ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። አባዬ ለዚህ ነው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በእርሳስ ቅደም ተከተል የሚጽፈው። የሚቆረጠው ሁሉ አንድ ላይ ይቆረጣል። የሚበሳው ሁሉ አንድ ላይ ይበሳል። አንድ ትርፍ እግር፣ አንድ ትርፍ ጣውላ ሁልጊዜ ይቆርጣል። «ለስህተት» ይላታል ያችን ትርፍ። እኔም ዛሬ ማንኛውንም ሥራ ስጀምር አንድ ለስህተት እቆርጣለሁ።

ግን እኔ ማሽኑን የምወደው በቅደም ተከተሉ አይደለም። በመሀሉ ባለው ጊዜ ነው።

አባዬ መጋዝ ሲዞር አያወራም። እኔም እንዳላወራ ተከልክያለሁ። ቶርኖ ላይ ሲሆን ደግሞ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ሐሳቡም አይገኝም። በባሕርዩም ዝምተኛ ሰው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ላማው እየቀነሰ እየቀነሰ መጥቶ ሲቆም፣ ብሩጎላዋን ሲቀበለኝ ግን አንደበቱ ይፈታል። ላማውን እየፈታ ያወራል። ጠረጴዛውን እያስተካከለ ያወራል። እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ ዓይኑም ብረቱ ላይ ስለሆነ ይመስለኛል። ወንድሙ በልጅነቱ እንደሞተበት የሰማሁት የብርጭቆ ወረቀቱን ሳህን እያሰረ ነው። ትምህርቱን ለምን እንዳቋረጠ የነገረኝ ማሽኑን እያስተኛ ነው። ስለ እናቴ፣ ከመጋባታቸው በፊት ስለነበረው ፍርሃት ያወራኝ ማንድሪኖውን እያጠበቀ ነው። ከዚያ «በይ ፈቀቅ በይ» ይላል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ ወሬው እዚያው ላይ ይቆማል። ቀሪውን ለመስማት እስከሚቀጥለው ቅያሬ መጠበቅ ነው።

አሥር ዓመቴ ላይ አንድ ዘዴ አመጣሁ። የወንበር እግር እየሠራን ነበር፤ አራት እግር። ሦስቱን ሰጠሁት፣ አራተኛውን ሰጋቱራ ውስጥ ቀበርኩት። «ሌላ የሚበሳ የለም?» አለ። «የለም» አልኩ። ማሽኑን አስተኛ። ከዚያ እግሩን «አገኘሁት» ብዬ አመጣሁለት። አባዬ እግሩን አየው፤ እኔን አየኝ። አልተቆጣም። ትከሻውን አስገብቶ ማሽኑን እንደገና አነሣው። የወንድሙን ታሪክ ከቆመበት ቀጠለልኝ።

ማሽኑ የመጣው እኔ ሳልወለድ ነው። ዕቃውን ሸጦ ከሚሄድ ሰው ላይ ነው የገዛው። አብሮት የመጣውን መመሪያ መጽሐፍ በሥዕሎቹ ብቻ ነው የተረዳው፤ እንግሊዝኛ አያነብም። ስለ ማሽኑ ታሪክ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ በኋላ፣ ትልቅ ከሆንኩ በኋላ። የፈጠረው ሃንስ ጎልድሽሚት የሚባል ከጀርመን ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ነው። ቴን ኢ የሚባለው የመጀመሪያው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1947 ገበያ ላይ ዋለ። ሞንትጎመሪ ዋርድ በሚባለው ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት በኩል ይሸጥ ነበር። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያለቀበት ነው። ሰው ትንንሽ ቤት እየገዛ፣ መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ በገዛ እጁ አንድ ነገር መሥራት የሚፈልግበት። አምስት ማሽን የሚያስገባ ቦታ የለውም፤ የአምስት ማሽን ገንዘብም የለውም። ማርክ ፋይቭ በ1950ዎቹ ተከተለ። በ1960ዎቹ ምርቱ ቆሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ጆን ፎልከርዝ የሚባል ሰው ኦሃዮ ውስጥ ኩባንያውን እንደገና አስነሣው። ለብዙ አሮጌ ማሽኖች ዕድሜ የቀጠለላቸው ይኼ ይመስለኛል።

ይኼን ሁሉ ለአባዬ በስልክ ሳነብለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ሰውየው ራሱ አናጢ ነበር?»

ማሽኑ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ በልጅነቴ ዋጋ አስከፍሎኛል። ራሱ ላይ ፍጥነት የሚቀየርበት ክብ ማዞሪያ አለ፤ በደቂቃ ከ700 እስከ 5,200 ዙር። ውስጡ ያሉት ፑሌጃዎች፣ ቺንጋው የሚዞርባቸው ጎማዎች፣ ለሁለት የተከፈሉ ናቸው። ማዞሪያውን ስታዞሩት የአንዱ ፑሌጃ ሁለት ፊቶች ይቀራረባሉ፤ ቺንጋው ተገፍቶ ወደ ጠርዙ ይወጣል። የሌላኛው ይራራቃሉ፤ ቺንጋው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ፍጥነቱ የሚቀየረው እንዲህ ነው። ይኼ የሚሆነው ግን ሞተሩ እየዞረ ከሆነ ብቻ ነው። ቆሞ ከሆነ ቺንጋው መውጣትም መስመጥም አይችልም፤ ኃይሉ ሁሉ ወደ ማዞሪያው ብረቶች ይሄዳል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ማሽኑ ጠፍቷል፤ አባዬ ውጪ ነው። ለእሱ አዘጋጅቼ ልጠብቀው ብዬ ማዞሪያውን በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁት። ቀጭ አለ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጥርሴ ውስጥ አለ።

ሲመጣ ነገርኩት። ቁጭ ብሎ ራሱን ፈታታው። ሁለት ምሽት ፈጀ። በሁለቱም ምሽት አምፖል የምይዘው እኔ ነኝ። የተሰበረችውን ብረት አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ፑሌጃውን በእጁ እያዞረ ቺንጋው እንዴት እንደሚወጣና እንደሚገባ አሳየኝ። ሲጨርስ በቀይ ቀለም፣ በቀጭን ብሩሽ፣ ማዞሪያው አናት ላይ ጻፈበት። «ሳይዞር አትንኪኝ።» ጽሑፉ አሁንም አለ። «ኪኝ» የምትለው ብቻ ትንሽ ለቃለች።

ከማዞሪያው አጠገብ ደግሞ አንድ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ሁለት ረድፍ ቁጥር። ልጅ ሳለሁ ምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። አሁን ማሽኑን ሳጸዳ ነው የገባኝ። ሞተሩ የተሠራው በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ ነው። እኛ ቤት የነበረው 50 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ይኼን አይቀይርም። እንዲህ ዓይነት ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚያ ምልልስ ነው። ስለዚህ ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይዞራል። ማዞሪያው 3,000 ሲል እውነቱ 2,500 ነው። የአባዬ ሁለት ረድፍ ቁጥር ይኼ ነው። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ወይም ከቶርኖው ድምፅ ደርሶበት ይሆናል። በመጀመሪያው ረድፍ ማሽኑ የሚለው፣ በሁለተኛው እውነቱ። ወረቀቱን አልነቀልኩትም። በላዩ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ለጠፍኩበት።

ሥራ የጀመርኩበት ቤት ሌላ ዓይነት ሁለገብ ማሽን ነበረ። የአውሮፓ ዓይነት። እነሱ ሐሳቡን በሌላ መንገድ ነው የፈቱት። ጣሊያን፣ ሪሚኒ ውስጥ፣ ኤስ ሲ ኤም የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1952 የመጀመሪያውን እንዲህ ዓይነት ማሽን ሲያወጣ «የማይሸነፈው» የሚል ስም ነው የሰጠው። ኦስትሪያ ውስጥ ፌልደር የሚባለው ኩባንያ በ1956 ተመሠረተ። ፈረንሳዮቹ ኪቲና ሉረም የሚባሉ ማሽን ሠሪዎች ነበሯቸው። የነዚህ ማሽኖች አካል አንድ ትልቅ ብረት ነው። ሰውየው ነው የሚዞረው። በአንድ በኩል መጋዙ አለ፤ በላይ መላጊያው፤ ከመላጊያው ሥር እንጨቱን በእኩል ውፍረት የሚያወጣው፤ በጎን ቅርጽ ማውጫው፤ በሌላው ጎን ለማያያዣ ጉድጓድ የሚቆፍረው። ለከባድ ሥራ ከሾፕስሚዝ በብዙ ይበልጣሉ። ይኼን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ወፍራም ጣውላ ስትሰጡት ንቅንቅ አይልም። ግን እኔ እዚያ ማሽን ላይ ሦስት ዓመት ስሠራ ማንም ምንም አላወራኝም። ቅያሬው አጭር ነበር።

የሾፕስሚዙን ድካም አውቃለሁ። ጠረጴዛው ትንሽ ነው፤ ከፍ ያለም ነው። ላማው አያጋድልም፤ የሚያጋድለው ጠረጴዛው ነው። ስለዚህ ሰፊ ጣውላ በ45 ዲግሪ ለመቁረጥ ስትሞክሩ እንጨቱ ቁልቁል ይንሸራተትባችኋል። አባዬ ለዚህ ከታች በኩል የሚደግፍ እንጨት ሠርቶለት ነበር። የድሮዎቹ መጋዞች ደግሞ ብዙዎቹ ከላማው ኋላ የሚቆመው ቀጭን ብረት የላቸውም። የተቆረጠው እንጨት ከኋላ ተመልሶ ላማውን ሲቆነጥጠው ላማው ይዞት ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። ያ ብረት እንዳይቆነጥጥ ነው የሚይዘው። እንዲህ ዓይነት ማሽን አሮጌ ዕቃ መሸጫ አግኝታችሁ ከገዛችሁ ከሁሉ በፊት እሱን አድርጉለት። መከለያም አድርጉለት። የገመዱን ሽፋን እጠፍ አድርጉና እዩት፤ ከተሰነጠቀ ሳታበሩ ቀይሩት። እኔ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ነው የቀየርኩት። ቺንጋውንም። ቱቦዎቹ ላይ የነበረውን ዝገት በብረት ሱፍ አሽቼ አነሣሁት፤ ከዚያ ሰም ቀባኋቸው። ዘይት እንዳትቀቡ፤ ዘይት ሰጋቱራ ይሰበስባል፤ ራሱም መንሸራተት ይከብደዋል።

ሁሉን ጨርሼ ሳበራው አንድ ድምፅ አልወደድኩትም። ቀጭን፣ የሚያቃስት ነገር። ዘንጉ ይሁን ሞተሩ መለየት አልቻልኩም። አባዬን አመጣሁት።

ቁጭ አለ። ድሮ ቢሆን መዳፉን ራሱ ላይ ያሳርፍ ነበር። ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ ሲታመም መዳፍ ላይ ይታወቃል ይል ነበር። አሁን መዳፉን አሳረፈና ወዲያው አነሣው። መዳፉ ራሱ ይንቀጠቀጣል። የማሽኑን ከራሱ መለየት አልቻለም። ዝም ብሎ እጁን አየው። እኔም ምን እንደምል ጠፋኝ።

ከዚያ «ረጅም ካቻቪቴ አለሽ?» አለኝ።

አመጣሁ። ጫፉን የሞተሩ ኩሽኔታ ካለበት ብረት ላይ፣ ከሚዞረው ሁሉ ራቅ አድርጌ አስደገፍኩት። እጀታውን ጆሮው ላይ እኔ ያዝኩለት። ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ በብረቱ ውስጥ ይመጣል፤ ሌላው ጩኸት ሁሉ ውጪ ይቀራል። «እዚህ የለም» አለ። ወደ ዘንጉ ወሰድነው። ትንሽ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። «እሷ ነች። የፊተኛዋ። ደርቃለች እንጂ አልሞተችም፤ ግን ቀይሪያት።»

ቀየርኳት። ድምፁ ጠፋ።

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ በርጩማ ጀመርን። አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅደም ተከተሉን በቃሉ ነገረኝ፤ እኔ በእርሳስ ጻፍኩ። አምስት እግር፣ አንዱ ለስህተት። መጀመሪያ መጋዙ። መቀመጫውን አራት ማዕዘን ቆረጥኩት፤ ማዕዘኖቹን አነሣሁ፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀቱ ሳህን ዙሪያውን ክብ አደረግኩት። እግሮቹን ቶርኖ ላይ። ለመስቀለኛዎቹ እንጨቶች በአግድም በሳሁ። በየቅያሬው ዝም ብዬ ሥራዬን እሠራ ነበር። ላማውን ስፈታ አባዬ አንድ ነገር ጀመረ። ስለ ማሽኑ ነው። የሸጠለት ሰው ከሄደ በኋላ ደብዳቤ ጽፎ ማሽኑ ደኅና መሆኑን እንደጠየቀው። ደብዳቤውን ማን እንዳነበበለት ሊነግረኝ ሲል ልጄ «አያዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ብላ ብሩጎላዋን ከነክሯ ይዛ መጣች። ወሬው እዚያ ቆመ።

ለመቀመጫው አራት ቀዳዳ ቀርቶኝ ነበር። መቆለፊያውን ፈታሁ፤ ትከሻዬን አስገባሁ፤ ማሽኑን አነሣሁት። ከብዷል ወይም እኔ ደክሜያለሁ። ልጄ ከታች ሆና መቆለፊያውን አጠበቀች። «ጠበቀ?» አልኳት። «ጠበቀ» አለች። በእጄ ነካሁት።

አራቱንም በሳሁ። ሞተሩን አጠፋሁ። ፀጥ ሲል ከወንበሩ ላይ ድምፁ መጣ።

«ሌላ የሚበሳ የለም?»

ወለሉን አየሁ፣ መደርደሪያውን፣ የክምሩን ሥር። ሁሉም አልቋል።

«አንድ አለ አባዬ» አልኩት። «ነገ ጠዋት ስትመጣ እንበሳዋለን። ያን ደብዳቤ ማን እንዳነበበልህም ትነግረኛለህ።»

ማሽኑ እንደቆመ አደረ።